«ዳቦ ማንም ያነሳል» አሉን

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ አንድ የፎቶ ውድድር ነበር። ርዕሱ «ከተማችን» የሚል ነው። አንድ ወጣት የወርቅ ቤት ሚዛን አንስቶ አቀረበ። በአንዱ ሳህን ላይ ዳቦ፣ በሌላው ላይ ቀለበት። ሁለቱ እኩል ቆመዋል። (እኩል እንዲቆሙ ሥሩ ምን እንደደበቀ እሱ ያውቃል።) ፎቶው በመጀመሪያው ማጣሪያ ወደቀ። ከዳኞቹ አንዱ ምክንያቱን ሲነግሩን፦ «ይሄ ሐዋሳን አያሳይም። ደግሞስ ዳቦ ማንም በስልኩ ያነሳል» አሉ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ይበልጥ ያናደደኝ እሱ ነው።

ማንም ያነሳል? እስቲ ያሸነፈውን ፎቶ እንየው። ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ አንድ ጀልባ። በቃ። ይህን ፎቶ ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይዞት ይመለሳል። ቀለሙን የሠራችው ፀሐይ ናት። ጀልባው የዓሣ አጥማጁ ነው። የፎቶ አንሺው ሙያ በሰዓቱ መድረሱ ብቻ ነው። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ወርዶ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ማንሳትም ያው ነው። የዓሣ አንጀት እስካለ ድረስ አባ ኮዳ የትም አይሄድም፤ ፊት ለፊትህ ቆሞ ፖዝ ይሰጥሃል።

ስቲል ላይፍ ላይ፣ ማለትም እንደ ዳቦው ያለ የማይንቀሳቀስ ዕቃ ራስህ አሰናድተህ ስታነሳ ግን የሚያግዝህ የለም። መስኮቱን የምትመርጠው አንተ ነህ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የዳቦው ስንጥቅ ሁሉ ይወጣል፤ ከፊት ሲመጣ ዳቦው ልሙጥ ይሆናል። ጥላው ከጠቆረብህ በወዲያኛው በኩል ነጭ ካርቶን ታቆማለህ። ካርቶኑን አንድ ስንዝር ስታስጠጋው ጥላው ይሳሳል፣ የፎቶውም ስሜት አብሮ ይቀየራል። ሚዛኑ ብረት ነው፤ ክፍሉን በሙሉ፣ ስልክ የያዘውን እጅህን ሳይቀር ያሳይብሃል። እሱን ደግሞ በጥቁር ጨርቅ ትከልላለህ። ቀለበቱ ትንሽ ዞር ካለ ብልጭታው ይጠፋል፤ እንደገና ትጀምራለህ። ፎቶው ውስጥ ያለው ሁሉ አንተ ያስገባኸው ነው። ቢበላሽ «ደመና ሆኖብኝ ነው» ብለህ አታመልጥም።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኤድዋርድ ዌስተን በ1930 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሳው አንድ የፈረንጅ ቃሪያ ነው። ጋዝ ወደ ጠርሙስ የሚቀዳበት ዓይነት የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ አስገብቶ አነሳው። «ቃሪያ ቁጥር 30» ይባላል፤ ሰውየው አንድ አትክልት ላይ ምን ያህል እንደደከመ ቁጥሩ ይናገራል። ሌላው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ኧርቪንግ ፔን ከኒውዮርክ ጎዳና የተለቀመ የሲጋራ ቁራጭ ፎቶ አነሳ። በ1975 እ.ኤ.አ. ሥራው በዚያው ከተማ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀረበ። ስፔናዊው ቼማ ማዶስ ዕድሜውን የፈጀው ተራ የቤት ዕቃን በጥቁርና ነጭ በማንሳት ነው፤ አገሩ በ2000 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የፎቶግራፍ ሽልማቷን ሰጠችው። የኛ ዳኞች ቢሆኑ ሦስቱንም «ወጥ ቤት ግቡ» ይሏቸው ነበር።

አሁን ወደ «ሐዋሳን አያሳይም»። ሐዋሳ ማለት ሐይቁ ብቻ ነው እንዴ? ሐይቁን ሳያይ የሚውል የሐዋሳ ሰው ሞልቷል። የዳቦ ዋጋ ሳያነሳ የሚውል ግን አንድም የለም። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ ጨርሳ የምትወጣ ልጅ በመንገዷ ላይ የምታሰላው ምኑን ይመስላችኋል? የጀንበሯን ቀለም? ያ ሚዛን ከታቦር ተራራ ላይ ከተነሳ ፎቶ ሁሉ በላይ ከተማዋን ያሳያል። ሆቴል አዳራሽ ላይ ለመስቀል አያምርም ካሉ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ውድድሩን «የሆቴል ግድግዳ» ይበሉትና እንገላገል።

በዚህ ዘርፍ ውሸታም የለም አላልኩም። ስኒ ላይ ሚስማር ደርድሮ «ፍልስፍና ነው» የሚል አለ። የልጁ ፎቶ ግን አስረጂ አላስፈለገውም። አጠገቤ የነበሩ እናት ገና እንዳዩት «ወይ ጉድ፣ እውነቱን ነው!» አሉ።

ለማንኛውም፣ እኒህ ዳኛ አንድ ነገር ይሞክሩልን። ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ፣ ነጭ ሳህን ያስቀምጡበት፣ ሳህኑ ላይ ነጭ እንቁላል። ፍላሽ የለም፤ መስኮት ብቻ። ስልካቸውን ይዘው እንቁላሉን ከሳህኑ ለይተው ካሳዩን ይህን ጽሑፍ አነሳለሁ። እስከዚያው የዳቦው ፎቶ ወደ ውድድሩ ይመለስ።