እርማት፦ የ«ዘ ኪድ» ሙዚቃ ከፊልሙ ጋር አልተወለደም

ስለ ቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ኪድ» በተጻፈው አስተያየት ላይ፣ ቻፕሊን ሙዚቃውን የደረሰው ፊልሙን በቀረጸበት ጊዜ እንደሆነና ዛሬ የምናየውም የ1921 ተመልካቾች ያዩት ራሱ እንደሆነ ተገልጿል። ይህ ብዙዎች የሚያምኑት ነገር ቢሆንም ትክክል አይደለም።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1921 ሲወጣ ድምፅ አልባ ስለነበር፣ ሙዚቃውን በየአዳራሹ የሚያሰሙት እዚያው የተቀመጡ ፒያኖ ተጫዋቾች ወይም የሙዚቃ ጓዶች ነበሩ። ቻፕሊን ራሱ ለፊልሞቹ ሙዚቃ መድረስ የጀመረው በ1931 በወጣው «ሲቲ ላይትስ» ሲሆን፣ አሁን የምንሰማውን የ«ዘ ኪድ» ሙዚቃ የደረሰው ደግሞ ፊልሙን በ1971 እንደገና ለማውጣት ሲያዘጋጅ፣ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

በዚያው ጊዜ ፊልሙን ቆርጦ አሳጥሮታል። ከወጡት ትዕይንቶች አብዛኞቹ ኤድና ፐርቪያንስ የተጫወተቻትን እናት የሚመለከቱ ናቸው፤ ለምሳሌ ሕፃኑን የታቀፈችው እናት በቤተ ክርስቲያን ደጅ አንዲት ወጣት ሙሽራ ከሽማግሌ ባሏ ጋር ስትወጣ የምታይበት ክፍል አንዱ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ መቆረጡ ያሳዝናል፤ ልጇን ለመጣል የደረሰችበትን ጭንቀት የሚያሳየው እሱ ነበርና።

የሚያስቁት ክፍሎች ግን አልተነኩም። ቻፕሊን የተጣለውን ሕፃን ይዞ የቦይ ክዳን አንሥቶ ወደ ውስጥ እያየ ሲያመነታ፣ በኋላም ጡጦ የገጠመበትን የቡና ማንቆርቆሪያ በገመድ አንጠልጥሎ ወተት ሲያጠባው የምናየው በ1921 እንደወጣው ነው።