አብሮ ይስጥልን

ልጄን ይዤ አዲስ አበባ የመጣሁት አማርኛዋ እንዲጠነክር ብዬ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስቶክሆልም ተወልዳ ስቶክሆልም ያደገች። በስዊድን ትምህርት ቤቶች የስደተኛ ልጅ የወላጆቹን ቋንቋ የሚማርበት ደንብ ስላለ፣ በሳምንት አንድ ቀን አማርኛ የሚያስተምራት መምህር አላት። የቀረውን እኔ በቁጣም በልመናም እሞላለሁ። «ልደታ አክስትሽ ቤት ሁለት ወር ብትቀመጪ የአንድ ዓመት ትምህርት ነው» አልኳት።

ደረስን። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለም። ሻንጣችንን እያቃሰትን አውጥተን በሩ ሲከፈት፣ የአራት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከሶፋው ሳትነሣ በእንግሊዝኛ ሰላም አለችን። እንግሊዝኛዋ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አይደለም፤ ቃላቱን በአፍንጫዋ እየጎተተች የምትናገረው የአሜሪካ ካርቱን እንግሊዝኛ ነው። እኔም አክስትነቴ ቀርቶ «አንቲ» ሆንኩ። «ነይ»፣ «ብዪ»፣ «ተኚ» ሲሏት ትሰማለች፤ ራሷ ስትናገር ግን አማርኛ አይቀናትም።

«ማን አስተማራት?» ብዬ እህቴን ጠየቅኳት። በአገጯ ግድግዳውን አሳየችኝ። የግድግዳውን እኩሌታ የሚያህል ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። በኩራት ይሁን በሐፍረት ያሳየችኝ አልለየሁትም፤ ሁለቱም ያለበት መሰለኝ።

እኔ የምሠራው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሳልፈልግ ልጆችን እመለከታለሁ፤ ልብስ ሰፊ በየሠርጉ ስፌት እንደሚያየው ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በምሳ ሰዓት ያየሁት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። የቤቱ ረዳት የእንቁላል ፍርፍር ሠርታ በትንሽ ሳህን ይዛ መጣች። ሚጣ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ካርቱን ታያለች። ረዳቷ አጠገቧ ተንበርክካ ትጠቀልላለች፣ ታጎርሳለች። የልጅቷ ዓይን ከቴሌቪዥኑ መስኮት አይነቀልም፤ አፏ ግን እንደ ጫጩት አፍ በራሱ ጊዜ ይከፈታል። ይዘጋል። ደግሞ ይከፈታል። ካርቱኑ ውስጥ አንድ ነገር ሲፈነዳ ማኘኳን አቆመች፤ ጉርሻው ጉንጯ ውስጥ እንደ ለውዝ ተቋጥሮ ቀረ። ረዳቷ በትዕግሥት ጠበቀች። ፍንዳታው ሲያልፍ ማኘኩ ቀጠለ። ሳህኑ ሲያልቅ «ምን በላሽ ሚጣ?» አልኳት። ወደ ሳህኑ ተመለከተች፤ ባዶ ነው። አላወቀችም።

ጉርሻ እኮ ዓይን ለዓይን ተያይቶ ነው። «በሞቴ» ተብሎ፣ «በቃኝ» ተብሎ፣ «አንድ ያጣላል» ተብሎ ነው። በሥራ ቦታዬ ምሳ ላይ እኛ ሠራተኞቹ ከልጆቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ከብበን እንድንበላ የሚደረገውም ልጆቹ እንዲጠግቡ ብቻ አይደለም። «ድንቹን አቀብለኝ»፣ «ይህ ምንድን ነው?»፣ «አልወደውም» የሚባለው ሁሉ ንግግር ስለሆነ ነው።

ለሥራዬ በወሰድኩት ሥልጠና ላይ የሰማሁት አንድ ቁጥር ከጭንቅላቴ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ዕድሜያቸው ከሁለት ወር እስከ አራት ዓመት የሆኑ ከ300 በላይ ልጆች ልብስ ውስጥ ትንሽ መቅረጫ አስቀምጠው ልጆቹ የሚሰሙትን ድምፅ ሁሉ ቀዱ። የቴሌቪዥን ድምፅ በተሰማ በእያንዳንዱ ሰዓት፣ ልጁ ከአዋቂ የሚሰማው ቃል በ770 ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ልጁ ፕሮግራሙን ያየዋል ወይስ አያየውም ብሎ መከራከር አያስፈልግም። ቴሌቪዥኑ ሲያወራ አዋቂው ዝም ይላል፤ ልጁም ዝም ይላል። እኛ አብዝተን የምንጣላው ከመስኮቱ ውስጥ ካለው ነገር ጋር ነው፤ ግድያው፣ መሳሳሙ፣ ጭራቁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከመስኮቱ ውጭ፣ ሳሎኑ ውስጥ የማይነገረው ነው።

«ታዲያ እንግሊዝኛውን ከየት አመጣችው?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አራት ዓመት የሞላው ልጅ ከመስኮት ቃል ይለቅማል፤ ሚጣ የባሕር እንስሳትን ስም እኔ ከማውቀው በላይ ታውቃለች። ጨቅላዎቹ ላይ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያትል ውስጥ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን በሁለት ከፍለው ቻይንኛ አሰሟቸው። አንዱ ቡድን ቻይንኛ ተናጋሪ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እያነበበለትና እያጫወተው 12 ጊዜ ሲገናኝ የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻለ። ሌላው ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን አየ፤ ምንም አልያዘም። ሕፃን ከሰው ነው የሚማረው።

ሚጣም ብትሆን ቃሉን እንጂ ጨዋታውን አልተማረችም። አንድ ቀን ኳሷን ደብቃ «ኳሱ የት አለ?» አለችኝ፤ በእንግሊዝኛ። «ትራሱ ሥር» አልኳት። ስሕተት ነው፤ ኳሱ ከጀርባዋ ነው። እሷ ግን መልሴን አልሰማችም። ሦስት ሰከንድ ያህል ፈገግ ብላ ጠበቀችና «በጣም ጎበዝ!» ብላኝ አጨበጨበች። ደግሜ ሞከርኩ፤ «ጣሪያው ላይ» አልኳት። ሦስት ሰከንድ፣ ፈገግታ፣ «በጣም ጎበዝ!» የካርቱኑ ሰው እንዲህ ነዋ የሚያደርገው! ይጠይቃል፣ ዝም ይላል፣ የተመለሰለትን ሳይሰማ ያመሰግናል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ሌሊት ሳስበው አላሳቀኝም።

በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም የሚሉት ዓይነት ሰው መሆን አልፈልግም፤ ግን በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም። ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ቴሌቪዥን ለአገሪቱ የገባው በ1957 ዓ.ም. ቢሆንም በሰፈራችን በ1970ዎቹ መጨረሻ እንኳ ባለ ቴሌቪዥን ቤት አንድ ነበር። የቤቱ እመቤት በር ላይ ቆመው «እግራችሁን ሳትታጠቡ አትገቡም» ይሉናል። ከግቢው ቧንቧ እንታጠባለን፤ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን። አባባ ተስፋዬ ብቅ ብለው ጤና ይስጥልኝ ልጆች ሲሉን ሃያ የምንሆን ልጆች በአንድ ድምፅ እንመልሳለን። በክረምት ድምፃችን የጣሪያውን ዝናብ ይበልጥ ነበር። ተስፋዬ ሳህሉ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ስቶክሆልም ሆኜ ያለቀስኩት ለእሳቸው ብቻ አይመስለኝም።

የቴሌቪዥኑ ሰውዬ እንደማይሰሙን እናውቅ ነበር። ግን አብረን ነበርን፤ ተረቱ ሲያልቅ ጦጣዋን ማን ይሁን፣ አንበሳውን ማን ይሁን ተብሎ ግቢው ውስጥ ጠብ ይነሣል። ደግሞም ያኔ ቴሌቪዥኑ ራሱ ይተኛ ነበር። ማታ ይከፈታል፣ ያልቃል፣ ይዘጋል። ዛሬ የማይተኛ ነገር ነው ቤት ያስገባነው። በመካከሉ ጥሩ ነገር አልተሠራም ማለቴ አይደለም፤ ፀሐይ የምትባለው አሻንጉሊት ቀጭኔ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ፊደልና ጤና ስታስተምር ኖራለች፣ በጃፓንም ሽልማት አግኝታለች። ሚጣ ግን አታውቃትም። ምርጫው የሚጣ ሆነና አማርኛው ተሸነፈ።

ስዊድኖች ለዚህ ነገር ደንብ አላቸው። ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ያነጣጠረ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የሕዝብ ጤና ባለሥልጣናቸው ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭራሽ መስኮት እንዳያይ፣ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያለው ቢበዛ በቀን አንድ ሰዓት እንዲያይ መክሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ምክር ከዚህ ብዙ አይርቅም። እዚህ ሚጣ የብስኩቱንም የፓስታውንም ማስታወቂያ ከነዜማው ታውቃለች፤ የሚገርመው እነዚህ ብቻ ናቸው በአማርኛ የምትዘፍናቸው። የቢራው እንኳ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቀረ እንጂ፣ ከዚያ በፊት በበዓል ቀን የሕፃናት አፍ ቢራ ቢራ ይሸት ነበር።

ይህን ለእህቴ ስነግራት ሰሃን እያጠበች ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «እትዬ፣ እሺ ዘጋሁት። ከዚያስ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስዊድን አንድ ልጅ ሲወለድ ለወላጆቹ 480 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ ውስጥ 90 ቀኑ ለአባት ብቻ የተተወ ነው። እህቴ የነበራት የወሊድ ፈቃድ 120 የሥራ ቀን ነው፤ ባሏ ሦስት ቀን። ያንንም ከጨረሰች በኋላ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወጥታ ማታ 1 ሰዓት ትገባለች። እኔ በምሠራበት ቤት ልጆቹ በረዶም ቢጥል ወፍራም ልብስ ለብሰው በየቀኑ ይወጣሉ፤ «መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ» ይላሉ ስዊድኖች። እዚህ አየሩስ ምን ጎድሎት! አንድ ከሰዓት ቴሌቪዥኑን ዘግቼ ልጆቹን ከነኳሳቸው ወደ ታች ይዤ ወረድኩ። በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ቦታ በሙሉ መኪና ቆሞበታል። ኳሷ ሁለት ጊዜ ሳትነጥር ጥበቃው መጡ። «እናቴ፣ ኳስ ክልክል ነው። ባለፈው የጎን መስታወት ሰብረው እኔ ነኝ የተጠየቅኩት» አሉኝ። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። አራት ኪሎና ፒያሳ ላይ አዲስ የተሠራው የእግረኛ መንገድ ማታ ማታ በቤተሰብ ይሞላል፤ እውነት ለመናገር ደስ ይላል። የወዳጅነት ፓርክም መጫወቻ አለው፣ መግቢያውን ለከፈለ። ነገር ግን የአራት ዓመት ልጅ «እማዬ ልውጣ» ብላ ብቻዋን የምትወጣበት ግቢ ሌላ ነገር ነው።

የራሴንም ልናገር። ልጄ የሚጣን ዕድሜ ስታህል ጽዳት እሠራ ነበር። ስቶክሆልም በታኅሣሥ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ከሥራ ስገባ ወገቤ አይታዘዘኝም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ቦሊቦምፓ የሚባል የልጆች ፕሮግራም፣ አረንጓዴ ዘንዶ ያለበት፣ ሲጀምር እግዚአብሔር ይስጠው እል ነበር። ያ ዘንዶ ልጄን ባይዝልኝ ኖሮ ሽንኩርት አልከትፍም። ልዩነቱ እሱ የሕዝብ ቴሌቪዥን ስለሆነ ማስታወቂያ የለበትም፤ ሲያልቅ ደግሞ ያልቃል። የእኔ ጉብዝና ግን አልነበረም።

ስለ ረዳቷ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ይቆጨኛል። ከወላይታ ስትመጣ አማርኛ አትችልም ነበር። ሚጣ ስትተኛ ወደ አማርኛ የተመለሱትን የቱርክ ድራማዎች እያየች ለመደች። ታዲያ አማርኛዋ የተርጓሚ አማርኛ ነው። አንድ ቀን ወተት ገንፍሎባት ስደርስ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ይህን ስሕተቴን ይቅር እንደሚሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ፣ እትዬ» አለችኝ። እንዲህ አምሮ ይቅርታ ተጠይቄ አላውቅም። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ሶፋ፤ አንዷ አማርኛ ገባች፣ አንዷ ወጣች። እሷ ግን አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የሰማችውን ቃል ይዛ ገበያ ትወርድበታለች፣ ከባለ ሱቁ ጋር ትከራከርበታለች።

ያለፈው እሑድ እማዬ መጣች። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ የምትኖረው ከተማው ዳር ነው፤ ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የምትደርሰው። ድሮ ከፒያሳ ልደታ ድረስ ጠዋት መጥታ ሚጣን አዝላ ትውል ነበር። አሁን በወር አንድ ጊዜ ከመጣች ነው። ቆሎ ቋጥራ መጥታለች፤ ለሚጣ ስትዘረጋላት ልጅቷ እያየች ያለችውን ሳታቋርጥ በአንድ እጇ ተቀበለቻት። እማዬ አጠገቧ ተቀምጣ ስለ ፋሲካ፣ ስለ ዶሮዎቿ፣ ስለ ሰፈሩ ውሻ ብዙ አወራቻት። ከዚያ ደከማትና ተወች።

ሁለት ሰዓት ሲሞላ የእህቴ ባል ወደ ዜና ቀየረው። አንባቢው ከረባቱን አሳምሮ ጤና ይስጥልኝ ሲል፣ እማዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ እንደማለት ብላ «አብሮ ይስጥልን» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲሁ ናት፤ ሰላም ያላትን ሰው ሳትመልስ አታልፍም።

ሚጣ ከት ብላ ሳቀች። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለቻት።

እማዬ ወደ ልጄ ዞረች፤ «ምን አለች?»

«‹አይሰማሽም እኮ› ነው ያለችሽ፣ እማማ።»

«እሱስ አይስማኝ» አለች እማዬ ሚጣን እያየቻት። «አንቺስ መቼ ሰማሽኝ?»

ሚጣ ግንባሯን ቋጥራ ልጄን ተመለከተች። ልጄም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ ስቶክሆልም በተማረችው እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ አስተረጎመችላት። እህቴ ከትራሱ ሥር ሪሞቱን ፈልጋ ድምፁን ቀነሰች።