ሳይቴሽን ከመቁጠራችን በፊት የፎርማሊኑን ዕቃ እንይ

«በዓለም ቀዳሚ 2 በመቶ ተመራማሪዎች» የሚባለው ዝርዝር በወጣ ቁጥር የዩኒቨርሲቲዎቻችን የፌስቡክ ገጾች በእንኳን ደስ አላችሁ ፖስተር ይጥለቀለቃሉ። ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት የስታንፎርዱ ጆን ዮአኒዲስና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ መረጃው የሚቀዳው ስኮፐስ ከሚባለው የሳይንስ ጽሑፎች የመረጃ ቋት ነው። ያለውም ሁለት ዝርዝር ነው፤ አንዱ የዕድሜ ልክ ሥራን ይመዝናል፣ ሌላው የአንድ ዓመት ሳይቴሽንን (ጽሑፎቹ በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሱበትን ብዛት) ብቻ። ፖስተሩ የትኛውን እንደሚያወራ ብዙ ጊዜ አይነግረንም። የማንንም ደስታ ማደብዘዝ አልፈልግም። ይሁንና በካንሰር ሞለኪውላር ባዮሎጂ፣ ማለትም ካንሰርን በዲኤንኤና በፕሮቲን ደረጃ በማጥናት፣ የሚሠራ ሰው በዚህ ቁጥር ሲለካ የሚጠፋ ነገር አለ፤ ጎጃም ውስጥ ሆኖ ሙያውን ለሚጀምር ወጣት ደግሞ ቁጥሩ ከነጭራሹ መንገድ ያስታል።

ኤች-ኢንዴክስ የተባለውን የተመራማሪ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2005 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የፊዚክስ ሰው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው ኤች-ኢንዴክሱ 20 ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ 10,000 ጊዜ ቢጠቀስም ቁጥሩ ያው 20 ነው። ሰውየው ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ቢቀመጥ እንኳ ሊጨምር ይችላል እንጂ አይቀንስም። የደራሲ ተራም አያውቅም። የዓለም የበሽታ ጫና ጥናቶችን ተመልከቱ፤ በአንድ ጽሑፍ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስሞች ይደረደራሉ፣ ከነሱም መካከል ኢትዮጵያውያን አሉ፣ ጽሑፉም በሺዎች ይጠቀሳል። ሥራው ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም። ግን እዚያ ዝርዝር መሐል የተሰለፈው ስምና ላቦራቶሪ ተቀምጦ ዓመት ሙሉ ከዕጢ ዲኤንኤ ሲያወጣ የከረመው ሰው በጉግል ስኮላር ቢወዳደሩ ሁለተኛው ከየት ይደርሳል?

እስካሁን ከወጡ ሳይንሳዊ ጽሑፎች ሁሉ ብዙ ጊዜ የተጠቀሰው የኦሊቨር ሎውሪና የባልደረቦቹ የ1951 ጽሑፍ ነው፤ ከ300,000 ጊዜ በላይ። ጉዳዩ በፈሳሽ ውስጥ ያለን ፕሮቲን በቀለም መለካት ነው፤ ማንም ስለሚጠቀምበት ማንም ይጠቅሰዋል። በካንሰር ዘርፍ የዳግላስ ሃናሃንና የሮበርት ዋይንበርግ የ2000 እና የ2011 ዳሰሳዎች በአሥር ሺዎች ሲጠቀሱ፣ አንዱ ምክንያት መግቢያ ለሚጽፍ ሁሉ መመቸታቸው ነው። በአንጻሩ ፔይተን ራውስ በ1911 ሕዋስ የተጣራበት የዶሮ ዕጢ ጭማቂ ሌላ ዶሮ ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ሲያሳይ ሰሚ በማጣቱ ኖቤል የደረሰው በ1966፣ በ87 ዓመቱ ነው። ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በ1960 በአንድ የደም ካንሰር ዓይነት ስለሚታየው ፊላደልፊያ ክሮሞዞም ያወጡት ማስታወሻ ጥቂት አንቀጾች ብቻ ነበር። ጃኔት ራውሊ ነገሩ የክሮሞዞም 9 እና 22 መለዋወጥ መሆኑን ያሳየችው በ1973 ነው፤ ይህንኑ ካንሰር የሚያክመው ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2001። ይህን ያህል የሚታገሥ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ የለም።

ለእኛ የሚቀርበን ግን የካምፓላው ታሪክ ነው። ዴኒስ በርኪት ሙላጎ ሆስፒታል የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ነበር፤ የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጠውን ዕጢ በ1958 ገለጸ። ለንደን የነበረው ተመራማሪ አንቶኒ ኤፕስታይን ቫይረስ ይገኝበት እንደሆነ ለማየት ናሙና ከካምፓላ በአውሮፕላን ያስልክ ነበር። አንድ ጊዜ አውሮፕላኑ በጭጋግ ምክንያት ማንችስተር አረፈና ናሙናው ዘግይቶ ደረሰ፤ ፈሳሹ ደፍርሶ ስለነበር ባክቴሪያ ያበላሸው መሰለ። ከመደፋቱ በፊት በማይክሮስኮፕ ቢታይ ያደፈረሰው ተንሳፋፊ የዕጢ ሕዋስ ሆኖ ተገኘ። በ1964 የኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ይፋ የሆነው እንዲህ ዓይነቶቹን ሕዋሳት ላቦራቶሪ ውስጥ ማራባት በመቻሉ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው የሳይቴሽን ጎርፍ በሙሉ መነሻው ናሙናውን ቆርጦ፣ ዕቃ ውስጥ ከቶ፣ ስም ጽፎ የላከው የካምፓላ እጅ ነው።

ጎጃም ላይ ይህ እጅ እንዴት ነው? ፓቶሎጂ (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ክፍል) የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ስለሆነ ከሞጣም ሆነ ከቡሬ መስመር የሚነሣ ናሙና ብዙ ጊዜ በአስታማሚ እጅ፣ በአውቶብስ ነው የሚጓዘው። ዕቃው የሃይላንድ ጠርሙስ ከሆነ ጥፋቱ የሚጀምረው እዚያው ነው። ትኩስ ሥጋ ለስላሳ ስለሆነ በጠባቡ አፍ ተገፍቶ ይገባል፤ ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን ካደረቀው በኋላ ግን አይወጣም። ጠርሙሱ በመቀስ ይቀደዳል፣ ናሙናውም ይጨፈለቃል፣ የዕጢው ጠርዝ የቱ እንደነበር መለየት አይቻልም። ስሙ ክዳኑ ላይ የተጻፈ እንደሆነ ሁለት ዕቃ አንድ ጠረጴዛ ላይ በተከፈተ ቀን ክዳን ይለዋወጣል። ሰፊ አፍ ያለው ዕቃ፣ በአካሉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት፣ በቂ ነው። እስክሪብቶ ፎርማሊን ሲነካው ይለቃል።

ቀጥሎ መጠኑ። ፎርማሊኑ ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ መሆን አለበት፤ 50 ግራም ለሚሆን ዕጢ ግማሽ ሊትር ማለት ነው። ፈሳሹ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ሳይሰነጠቅ የተነከረ 5 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ውጩ ሲጠነክር መሐሉ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ጠርዙን በክር ምልክት ካደረገ በኋላ ዕጢው በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተሰንጥቆ መነከር አለበት። ለጡት ካንሰር የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ (ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ መሆኑን ለሚለየው) የአሜሪካ መመሪያዎች የሚጠይቁት፣ ዕጢው ከሰውነት ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን እንዲገባና ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ እንዲቆይ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተወሰደ ናሙና ቅዳሜና እሑድን አድሮ፣ ሰኞ መኪና አጥቶ፣ ማክሰኞ ማታ ሲደርስ 72 ሰዓቱ አልፏል። ሰዓቱ ዕቃው ላይ ካልተጻፈ ደግሞ ማለፉን የሚያውቅ የለም።

በቧንቧ ውሃ የተበረዘ ፎርማሊን ሌላው ጣጣ ነው። እየቆየ ፎርሚክ አሲድ ይሆናል፤ ስላይድ ላይ ጥቁር ብናኝ ይተዋል፣ ዲኤንኤውንም ይበጣጥሳል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ለአንድ ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ከ37 እስከ 40 በመቶ የሆነ ፎርማሊን፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌትና 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት፤ ፒኤቹ 7 አካባቢ ይሆናል። ይህን ለመሥራት ሚዛንና አንድ ጥንቁቅ የላቦራቶሪ ባለሙያ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ከሞለኪውላር ባዮሎጂ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ የጡት ካንሰርን ይመልከት። ከአሥር ዓመት በፊት የአዲስ አበባ ሕመምተኞች ላይ የተሠራ ጥናት ከሦስት ዕጢ ሁለቱ ገደማ ኢስትሮጅን ተቀባይ እንዳለው አሳይቷል። ይህ የአፍሪካ ሴቶች ዕጢ በአብዛኛው ተቀባይ የለውም የሚለውን ወሬ የሚያናጋ ውጤት ነበር። በደንብ ያልተነከረ ናሙና ግን ተቀባይ እያለው «የለውም» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ያኔ ሴትዮዋ በቀን 20 ሚሊ ግራም የሚዋጠውን ርካሹን ኢስትሮጅን አጋጅ መድኃኒት ታሞክሲፊን ትነፈጋለች፤ ተመራማሪው ደግሞ «በጎጃም የተለየ የካንሰር ዓይነት አገኘሁ» ብሎ ያሳትማል። እንዲህ ያለ ርዕስ ሳይቴሽን ይስባል።

በዲኤንኤ ደረጃም እንደዚሁ ነው። ፎርማሊን ሳይቶሲን የተባለውን የዲኤንኤ ፊደል ወደ ዩራሲል ይለውጣል፣ ዲኤንኤ አንባቢው ማሽን (ሲክዌንሰር) ሌላ ፊደል፣ ቲሚን፣ ብሎ ያነበዋል፣ የሌለ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) ይፈጠራል። ዲኤንኤን ከሚያባዛው ፒሲአር በፊት ዩራሲልን የሚያነሣ ኤንዛይም መጨመር፣ ያንኑ ናሙና ሁለት ጊዜ ለየብቻ ማንበብ፣ በፒሲአር የሚባዛውን ቁራጭ ርዝመት ከ150 የቤዝ ጥንድ በታች ማድረግ ይረዳል። የዲኤንኤ መጠን የሚለካው የናኖድሮፕ መሣሪያ ቁጥር አምሮ ቢታይም አይታመንም፤ የተበጣጠሰውንም አርኤንኤውንም አብሮ ይቆጥራልና፣ በፍሎረሰንስ የሚለካ መሣሪያ ይሻላል። ናሙናው ከመነሻው ከተበላሸ ግን ይህም ሁሉ አያድነውም። የዓለም ምርጥ ሲክዌንሰር ቢመጣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

«ለምን በረዶ ቤት አናስቀምጠውም?» የሚሉ አሉ። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚይዝ ፍሪዘር መብራት በሄደ ቁጥር ጀኔሬተር፣ ጀኔሬተሩ ነዳጅ፣ ነዳጁ ክፍት መንገድ ይፈልጋል። የፓራፊን ብሎክ (በሰም ውስጥ የተቀበረ የናሙና ቁራጭ) በደረቅና ቀዝቃዛ ቁም ሣጥን ለዓመታት ይቀመጣል፤ ጠላቱ ሙቀትና አይጥ ነው። አሁን ባለንበት ሁኔታ ገንዘቡ ለብሎኩ ቢውል ይሻላል።

ሌላው ወጣቶቻችን የሚሮጡበት መስክ የባህል መድኃኒት ነው። ጎጃም የደብተራና የቅጠል አገር ስለሆነ ፈተናው ይገባኛል። ቅጠል ይደርቃል፣ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፣ በካንሰር ሕዋስ ላይ ይፈስሳል፣ «ፀረ ካንሰር» ይባላል። እዚህ ኤምቲቲ የተባለው የቀለም ምርመራ ብዙ ሰው ያሳስታል። በሕይወት ያለ ሕዋስ ቢጫውን ወደ ወይን ጠጅ ይለውጣል ተብሎ ነው የሚሠራው፤ ነገር ግን በፖሊፌኖል የበለጸገ የቅጠል ጭማቂ ሕዋስ በሌለበትም ቀለሙን ራሱ ይለውጠዋል። ስለዚህ በሙከራ ሳህኑ ላይ ጭማቂና ኤምቲቲ ብቻ ያለበት ጉድጓድ የግድ ይኑር። ጭማቂው የሚሟሟበት ዲኤምኤስኦ የተባለው ፈሳሽ ከ0.5 በመቶ አይብለጥ፣ ያለ ጭማቂ ብቻውንም ይፈተሽ። ካንሰር ያልሆነ ሕዋስም ጎን ለጎን ይሞከር፤ ሁሉንም የሚገድል ነገር መርዝ ነው። በረኪናም የካንሰር ሕዋስ ይገድላል።

የሕዋሱ ማንነትስ? ኤምዲኤ-ኤምቢ-435 የሚባለው ላቦራቶሪ ውስጥ የሚራባ የሕዋስ ዘር ለብዙ ዓመታት የጡት ካንሰር ተብሎ ሲጠና ኖሮ፣ ከቆዳ ካንሰር ከመጣው ኤም14 ጋር አንድ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያ በፊት በእሱ ላይ የተጻፉት ጽሑፎች ሳይቴሽናቸው አልጠፋም። የአምጀን መድኃኒት ኩባንያ ሰዎች በ2012 እንዳወጡት ከ53 ታዋቂ የካንሰር ጽሑፎች ውጤታቸውን መድገም የቻሉት የ6ቱን ብቻ ነው። በ2021 የተጠናቀቀው የድግግሞሽ ፕሮጀክት ደግሞ ከ53 ጽሑፎች 193 ሙከራ ለመድገም አቅዶ 50 ብቻ ነው የጨረሰው፤ አንዱ ዋና ምክንያት የአሠራር ዝርዝር በጽሑፎቹ ውስጥ አለመኖሩ ነበር። በብዛት የተጠቀሰ ሁሉ የተረጋገጠ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ ያስፈልጋል?

የማዕረግ ፋይል የሚያይ ኮሚቴ የጉግል ስኮላሩን ገጽ ወደ ጎን አድርጎ አመልካቹን ቢያንስ ሦስት ነገር ይጠይቀው። የነካው ብሎክ የት ተቀምጧል፤ ቁጥሩን ይዞ የሄደ ሌላ ሰው ያገኘዋል? ሕዋሱ የማንነት ምርመራና የማይኮፕላዝማ (ሕዋስን በስውር የሚበክል ባክቴሪያ) ምርመራ የተደረገለት መቼ ነው? ናሙናውን የነከረውና የቆረጠው ባለሙያ በደራሲነት አለ ወይስ በምስጋና መስመር ብቻ ታልፏል? አምስት ዓመት ሙሉ በሥርዓት የተነከረ፣ ሰዓቱ የተጻፈ፣ ከሕመምተኛው መዝገብ ጋር የተያያዘ የብሎክ ስብስብ ያደራጀ ሰው፣ ሳይቴሽኑ አሥር ባይሞላም፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት የሚያስከለክለው ምክንያት አይታየኝም።

ናሙና ወደ ውጭ ሲላክም በቅድሚያ በውሉ ላይ የሚመለስበት ቀን ይጻፍ። ከተቻለ ብሎኩ እዚሁ ይቅር፤ ማይክሮቶም በተባለው መቁረጫ ማሽን የተቆረጡ 10 ማይክሮን ውፍረት ያላቸው ጥቂት ስስ ቁራጮች በቱቦ ሆነው ይሂዱ፤ ምላጩ በእያንዳንዱ ብሎክ መሐል ይቀየር፣ አለዚያ የአንዷ ሕመምተኛ ዲኤንኤ የሌላዋ ውስጥ ይገባል።