ማስተካከያ፦ ጽኑ ሕሙማን አረጋውያንን ስለመጎብኘት በድሬዳዋ የወጣው ጥሪ

የመዳን ተስፋ የሌላቸውን አረጋውያን ቤታቸው ሄደው የሚጎበኙ በጎ ፈቃደኞች እንዲመዘገቡ በድሬዳዋ የወጣው ጥሪ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር መልኩን ቀይሯል። «መርፌ ይወጋሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ» የሚለው በጥሪው ላይ አልነበረም። መድኃኒቱ የነርሷና የቤተሰቡ ነው። የጎብኚው ሥራ አጠገባቸው መቀመጥ፣ ማጫወት፣ በተለይ ደግሞ ቀን ከሌሊት የምታስታምመዋን ልጅ ለአንድ ሁለት ሰዓት ማሳረፍ ነው። ገበያ ደርሳ፣ ገላዋን ታጥባ ስትመለስ ሌላ ሰው ትመስላለች።

«ምግብ ይዛችሁ ሂዱ» የሚለውም ይታረም። ሰው ወደ ሞት ሲቃረብ የምግብ ፍላጎቱ የሚጠፋው ከሕመሙ የተነሳ ነው፤ ስላላበሉት አይደለም። «እስቲ ለእኔ ሲሉ» እያሉ አጥሚት ማስገደድ ትንታ ያመጣል፣ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። የድሬ ሙቀት ውኃ አጠጡ አጠጡ ያሰኛል፤ መዋጥ ለተሳናቸው ግን ከንፈራቸውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ማራስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ነርሷ ተጠይቃ ይደረግ።

«ማስታገሻ ሕክምና ሞትን ያፋጥናል» የሚል ቃልም ተቀጥሎበታል። ማስታገሻ ሕክምና ማለት የጽኑ ሕመምተኛን ሥቃይ የሚያቀል እንክብካቤ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሰጠው ትርጓሜ ዓላማው ሞትን ማፋጠንም ማዘግየትም እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። ብርቱው የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሞርፊንም ሐኪም ባዘዘው ልክ ሲሰጥ ሥቃይን ለማስታገስ ነው።

ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚችሉ በብርቱ ይፈለጋሉ፤ አማርኛ ብቻ የሚችልም ከእነሱ ጋር ተጣምሮ ይሄዳል እንጂ አይከለከልም። ፎቶ ማንሳት ግን አሁንም ክልክል ነው።