ሃሳቤ ተነስቷል፤ ለማጠናከር ያህል ግን…

እንደ ባሕር ዳር ስብሰባ የሚያምርበት ከተማ ከየት ይገኛል? በመስኮት ጣና፣ በበር ዘንባባ፣ ለምሳ የቆረሶ ዓሣ ጥብስ። እዚህ ተቀምጦ «ሰዓት ይከበር» የሚል ሰው ሐይቁን ንቋል ማለት ነው። ስለዚህ «የቡድን ሥራና የሰዓት አጠቃቀም» የሚለው ሥልጠና፣ በዚያውም የቆመው የግቢ የውሃ ፓምፕ ጉዳይ የሚታይበት፣ ጠዋት 2፡30 ተብሎ 4፡00 ቢጀመር ማንም አይደነግጥም። 40 ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ሲጠብቅ 60 የሥራ ሰዓት ይሄዳል፤ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ አንድ ሠራተኛ ሰባት ቀን ተኩል ነው። በአንድ ጠዋት ይህን ያህል ያስመዘገበ ክፍል ካለ እጁን ያውጣ። በ2፡30 የተገኙት የዋሆችም አይክፋቸው፤ ለሚቀጥለው ተምረዋል፣ በ4፡00 ይመጣሉ።

አጀንዳ አስቀድሞ አይላክም። ሰው አንብቦ ከመጣ ስብሰባው ያጥራል።

የቡድን ውይይት ግን ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። 40ው ሰው ለአራት ይከፈላል። አምስት አምስት ቢሆኑ ሁሉም መናገር ግድ ይሆንበታል፤ አሥር ሲሆኑ ሦስቱ ያወራሉ፣ አንዱ ይጽፋል፣ ስድስቱ ስልክ ይነካካሉ። ቀድሞ የሚናገረው አለቃው መሆኑ አይዘንጋ፤ አለቃ ከተናገረ ወዲያ የተለየ ሃሳብ ፍለጋ የሚደክም የለም። አንዳንድ ወግ የማያውቁ አሰልጣኞች «መጀመሪያ ሁሉም አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ሃሳቡን ወረቀት ላይ ያስፍር፣ አለቃ መጨረሻ ይናገር» ይላሉ። አይሰሙ! ጀማሪዋ ሠራተኛ ፓምፑ ለምን እንደቆመ ጽፋ ብትገኝ ማን ሊሸከመው ነው?

ማርከሩ ክዳኑ ሳይገጠም ያደረ ይሁን። ቀለሙ ስለሚደርቅ ከሦስተኛው መስመር ጀምሮ ጽሑፉ እየገረጣ ይሄዳል፤ ከኋላ የተቀመጠውም ከማንበብ ይገላገላል። ሪፖርት ሲቀርብ ደግሞ አራቱም ቡድን የተሰጠው ጥያቄ አንድ ስለሆነ አንዱን መልስ አራት ጊዜ እንሰማለን። ለእያንዳንዱ ቡድን የየራሱን ጥያቄ መስጠት ይህን በረከት ያስቀራል።

ከዚያ መድረኩ ለቤቱ ክፍት ይሆናል። «ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ሃሳቤ ተነስቷል፤ ለማጠናከር ያህል ግን…» 20 ሰው ሦስት ሦስት ደቂቃ ሲያጠናክር ድፍን አንድ ሰዓት ያልፋል። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይ እንኳ በዚህ ልክ አልተጠናከረም። ሰብሳቢው «ያልተነሳ ሃሳብ ያለው ብቻ» ቢል ስንት እጅ ይወርድ ነበር፤ እግዜር ይስጠው፣ አይልም።

ከምሳ በኋላ አዳራሹ ይሰፋል። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ ለመመለስ ከሰዓት በኋላው ልክክ ይላል። የከሰዓቱ ፊርማ ጠዋት ከሻይ እረፍቱ በፊት አብሮ ስለሚፈረም አበሉ አይነካም። የቀሩት አምስት ሰዎች «የቡድን መንፈስ» የሚለውን ስላይድ ያያሉ።

የሁሉም ማሰሪያ ቃለ ጉባኤው ነው። በጥሩ ቃለ ጉባኤ ውስጥ የሰው ስም፣ ቀንና የሚቆጠር ነገር አይገኝም። «በፓምፑ ጉዳይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ በትኩረት እንዲሠራበት አቅጣጫ ተቀምጧል» ካለ በቂ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ሳይነካ ያገለግላል። «ግዥ ክፍል እስከ ጥቅምት 20 ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ለጥገና ክፍል ያስረክባል» ብሎ የጻፈ ልጅ ግን ጥቅምት 21 ቀን አንዱ ተነስቶ «የታለ?» እንዲል በር ከፍቷል። ይህ ልጅ በሚቀጥለው ስብሰባ ሻይ ቡና ላይ ይመደብልን።