ኢመርጀንሲ ነው!

ደሴ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ካያችሁ፣ ወይ ለከተማው እንግዳ ነው ወይ እንግሊዝኛ አይችልም። ሌሎቻችን ሠልጥነናል። አንዲት ቃል ትበቃናለች፦ «ኢመርጀንሲ ነው!»

የቃሏ ሥር ላቲን ነው፤ ትርጉሙም «ብቅ ማለት»። ፈረንጆቹ በኋላ ለእሳት፣ ለአደጋ፣ ለምጥ አዋሏት። ሥሯን ጠብቀን የያዝንላት እኛ ነን። ከኋላችን የነበረ ሰው ሁሉ ድንገት ከፊታችን ብቅ ይላል።

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ሸዋበር ስንሄድ ባጃጃችን መሐል አስፋልት ላይ ቀጥ አለ። ሾፌሩ የግራና የቀኙን ፍሬቻ አብርቶ ወረደ። መንገዱ በክላክስ ቀለጠ። እሱ እጁን ከፍ አድርጎ «ኢመርጀንሲ ነው ወንድሜ፣ አብሽር!» አለና ጫት ቤት ገባ። እስሩን ፈታ። ቀንበጡን አገላበጠ። «የትናንት ነው» ብሎ መለሰ፣ ሌላ መጣለት። በዋጋው ተከራከረ። መልሱን ሁለቴ ቆጠረ። እንዲህ የተረጋጋ ድንገተኛ ጉዳይ አይቼ አላውቅም።

የአውሮፕላን አብራሪዎች ያሳዝኑኛል። ጭንቅ ሲመጣ «ሜይዴይ» ይላሉ። በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ለንደን አጠገብ፣ ክሮይደን አውሮፕላን ማረፊያ የነበረ የሬዲዮ ሠራተኛ ከፈረንሳይኛው «እርዱኝ» ያወጣው ነው። ያውም በስህተት እንዳይሰማ ሦስት ጊዜ ይደገማል። በውሸት የጠራ በብዙ አገር ይቀጣል። ምን ዓይነት ልፋት ነው! የእኛ አንዴ ከተባለ ይበቃል፤ የሚጠይቅም የለ። የእኛው ቅሬም (የወሎው ዕድር) ቢሆን ገና አልዘመነም። ሰው ካልሞተ አይጠራም።

ሰኞ ዕለት አንድ ጤና ተቋም ካርድ ለማውጣት ተሰልፈናል። አንድ ባለ ከረባት «ኢመርጀንሲ! ኢመርጀንሲ!» እያለ ሰንጥቆን አለፈ። ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት። ምን ሆኖ መሰላችሁ? የሕመም ፈቃድ ወረቀቱ ላይ ማኅተም ቀርቶ። ሲወጣ ማኅተሙን እፍ እፍ እያለ ያደርቅ ነበር።

ከፊቴ አንዲት እናት ጎናቸውን በነጠላ ጥፍር አድርገው አስረው፣ ግድግዳ ተደግፈዋል። ግንባራቸው ላብ በላብ ነው።

«እናቴ፣ እርስዎም ኢመርጀንሲ ነኝ ይበሉ እንጂ» አልኳቸው።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

«በጣም ሲብስብዎት የሚባል ነው።»

ባለ ከረባቱ የወጣበትን በር አዩት።

«አብሽር» አሉኝ፤ «የባሰበትማ ገባ።»