እግር ሲከዳ ለልጅ ያለን ንቃት ለአዋቂ የት ገባ?

ጎጃም ውስጥ የአንድ ልጅ እግር ድንገት ቢዝል ወሬው ከቀበሌ መውጣት አለበት። መመሪያው እንደዚያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታሳውቃለች። እግሩ ከዛለ በ14 ቀን ውስጥ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው በቅዝቃዜ ተይዞ ለምርመራ ይላካል። ይህ ሁሉ ፖሊዮ እንዳይሆን ተፈርቶ ነው። አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 በተፈጥሮ ከሚዛመተው (የዱር ከሚባለው) ፖሊዮ ነጻ ተብላ እንኳ ፍለጋው አልቆመም። ጎበዝ የሚያሰኝ ሥራ ነው።

ግን ይህ በዋናነት የሚሠራው ከ15 ዓመት በታች ላሉት ነው።

እስቲ ልጁን በአባቱ ተኩት። ቡሬ ወይም ቢቸና ገጠር የሚኖር የ40 ዓመት ገበሬ በሉ። ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ለቀቀው። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ የእግሩ ጣት ይደነዝዘዋል። በማግስቱ ቁጭ ካለበት ለመነሳት እጁን ይደገፋል። በሦስተኛው ቀን ጉልበቱ ይከዳዋል። ማን ያሳውቃል? ማንም። «ምች ነው» ይባልና ዳማከሴ ይታሻል። «መጋኛ ነው» የሚልም አይጠፋም። ከተማ ቀመስ ከሆነ ደግሞ አንድ መድኃኒት ቤት የቫይታሚን ቢ መርፌ ይወጋና ይሸኛል። ጉንፋኑን ማንም አያነሳውም፤ አልፏላ!

ነገሩ ግን ከጉንፋኑ ሊጀምር ይችላል። ሰውነት ቫይረስን ወይም ባክቴሪያን ሲዋጋ አልፎ አልፎ ይሳሳታል። ለጀርሙ ያዘጋጀውን መሣሪያ በራሱ ነርቭ ላይ ያዞራል። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ አለው። ልባሱ ሲላጥ መልእክቱ ይቆራረጣል፤ ጡንቻው ደህና ሆኖ ሳለ ትእዛዝ አይደርሰውም። ሕመሙ ጊላን ባሬ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1916 በሁለት ወታደሮች ላይ አይተው ከጻፉት ሦስት የፈረንሳይ ሐኪሞች ከሁለቱ ነው። ሦስተኛው ስትሮል ነበር፤ የእሱን ስም ዛሬ ብዙ ሰው አያነሳውም።

ከታማሚዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቀደም ባሉት ሳምንታት ጉንፋን መሰል ሕመም ወይም ተቅማጥ እንደነበራቸው ይናገራሉ። ተቅማጡ እንዲያውም ዋነኛ ቀስቃሽ ነው፤ ካምፒሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ያመጣዋል። ስለዚህ «በቅርቡ አሞህ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። መቼ እንደነበር ጭምር መጠየቅ አለበት።

የእኛ አካባቢ ሌላ ጣጣም አለው፤ ጓያ። በጥቁር አፈር አገር ያደገ ሁሉ «ጓያ ሰበረው» ሲባል ሰምቷል። አዋቂ ሰው እግሩን ሲያመው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ግን በእጅ የሚዳሰስ ነው። ጓያ የሚሰብረው ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። የጓያ እግር ግትር ነው፤ እየተጠላለፈ ይሄዳል። ጉልበቱን በሐኪም የጎማ መዶሻ ቀስ ብለው ቢመቱት እግሩ ከልክ በላይ ይዘላል። የጊላን ባሬ እግር ግን ዝልፍልፍ ነው። ጉልበቱ ቢመታም አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ይህን ለመለየት ኤም አር አይ አያስፈልግም። አንዲት የጎማ መዶሻ ያላት ጤና ጣቢያ ትበቃለች።

ነርቭ ሲታመም እግር ብቻ ሳይሆን ፊትም ሊጣመም ይችላል፤ ይህ ግን ሌላ ሕመም ነውና ባጭሩ ልለፈው። ከጉንፋን በኋላ ፊት ወደ አንድ ጎን ሲጣመም ብዙ ጊዜ የፊት ነርቭ አብጦ ነው። አብዛኛው ሰው ይድናል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ርካሽ ክኒን በ3 ቀን ውስጥ ቢጀመር የበለጠ ይረዳል። ዓይን ካልተከደነ እንዳይደርቅ ይጠበቅ። ግንባሩን መጨማደድ እየቻለ አፉ ብቻ ከተጣመመ፣ ወይም እጁም ከዛለ ግን ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ሰዓት አይጠበቅም። የሚገርመው፣ ይኸው ፊትን የሚረዳ ክኒን ለጊላን ባሬ አይሠራም። «ለነርቭ ጥሩ ነው» ተብሎ ቢሰጥ ቀን ማባከን ነው።

ቀን ደግሞ የለም። ድካሙ ከእግር ወደ እጅ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ጉሮሮና ወደ መተንፈሻ ጡንቻ ሊደርስ ይችላል። በብዙዎቹ ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጣራ ይነካል። ከአምስት ታማሚ አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የመተንፈሻ ማሽን ያስፈልገዋል። ማሽኑ ያለው ደግሞ ትልቅ ሆስፒታል ነው። የመንገዱን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አንዳንድ ሳምንት ክፍት፣ አንዳንድ ሳምንት ዝግ። ስለዚህ ትንፋሹ ሲያጥር ሳይሆን ጉልበቱ ሲከዳ ነው መነሳት ያለብን።

ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝ። አንድ ነገር ግን ልለምን። ሲውጥ የሚያስለው ወይም ድምፁ የተቀየረ ሰው ጸበልም ሆነ አጥሚት በብዛት አይጠጣ። ጉሮሮው ሲዝል ፈሳሹ ወደ ሳንባ ይገባል። ጸበሉ ይረጭ፤ ሐኪም ሳያየው ግን አይጋት።

«ይህ እኮ ብርቅ በሽታ ነው፤ ወባ እያለ ስለ እሱ ታወራለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ በዓመት ከ100,000 ሰው አንድ ወይም ሁለት ነው የሚይዘው። ግን እናስላው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና አዊ ተደምረው ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራቸው። በዓለም አቀፉ ስሌት ይህ በዓመት ቢያንስ 50 ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች የት አሉ? አንዳንዱ ሆስፒታል ይደርሳል። ሌላው ምች ሆኖ፣ መጋኛ ሆኖ፣ ጓያ ሆኖ ይቀራል።

ሕክምናው ውድ መሆኑን አልክድም። ኢሙኖግሎቡሊን የሚባለው መድኃኒት ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 0.4 ግራም፣ ለ5 ቀን ይሰጣል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ገበሬ 120 ግራም ማለት ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ይህን ከኪሱ አይችለውም፤ በማኅበረሰብ ጤና መድኅን ሊሸፈን ይገባል ባይ ነኝ። ግን መድኃኒቱ ባይገኝ እንኳ ትንፋሹን ነቅቶ የሚጠብቅ፣ በሰዓቱ ማሽን ላይ የሚያደርግ፣ እንዳይቆስል የሚያገላብጥ ሰው ሕይወት ያተርፋል። በደንብ ከታከሙት አብዛኞቹ በስድስት ወር ውስጥ ሳይደገፉ ይሄዳሉ።

የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። ለልጅ የተዘረጋው መስመር ለአዋቂም ይሥራ ነው። ሠራተኛዋ አለች፤ ስልኩ አለ፤ ቅጹ አለ። የሰገራ ናሙናው ይቅር። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ትጻፍ፤ ጉንፋኑ ወይም ተቅማጡ የነበረበትን ቀን፣ እግሩ የዛለበትን ቀን፣ በአንድ ትንፋሽ ስንት እንደቆጠረ። ጤነኛ አዋቂ በረጅሙ አየር ስቦ ሳያቋርጥ ከ20 በላይ ይቆጥራል። 20 ካልሞላ፣ ወይም ጠዋት 25 ቆጥሮ ማታ 18 ላይ ከቆመ፣ አምቡላንሱ በዚያው ሌሊት ይጠራ። ተቀባዩ ሆስፒታልም ሰው መንገድ ላይ እንዳለ ቀድሞ በስልክ ይነገረው።